የሚነዳ የኤሌክትሪክ ሻንጣ በጥንታዊ ከተሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለፋሲካ ኢየሩሳሌም፣ ለሥራ ኢስታንቡል፣ ለጉብኝት ሮም ወይም ሐረር ለመሄድ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረን መልሰናል።

የሚነዳ የኤሌክትሪክ ሻንጣ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ሲያዩት ተራ ባለ ጎማ የእጅ ሻንጣ ይመስላል። ልዩነቱ ሞተርና ባትሪ ያለው መሆኑ ነው። ሻንጣው ላይ ትቀመጣላችሁ፣ እጀታውን እንደ መሪ ትይዛላችሁ፣ ቁልፉን በጣት ስትጫኑ ይሄዳል። ፍሬንም አለው።

ሐሳቡ ትንሽ ቆየት ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሄ ሊያንግትሳይ የተባለ ቻይናዊ ገበሬ በገዛ እጁ የሠራውን ሻንጣ ቻንግሻ ከተማ ውስጥ ሲነዳ ታየ፤ ወሬውም ዓለምን ዞረ። በ2016 ሞዶባግ የተባለው የአሜሪካ ሻንጣ በኢንተርኔት ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስቦ ብቅ አለ። አሁን በብዛት የሚታየው የቻይናው ኤርዊል ነው። እነዚህ ሻንጣዎች በሰዓት እስከ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ይህ ከእግረኛ እርምጃ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። በአንድ ቻርጅ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ ይባላል። ይህ ግን ለደልዳላና ለለስላሳ ወለል የተነገረ ቁጥር ነው። ዳገት ላይ ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

ታዲያ ለጥንታዊ ከተማ ጉዞ ይጠቅማል?

እስከ ከተማው በር ድረስ ይጠቅማል። ከበሩ ወዲያ ሸክም ነው። ረጅም የኤርፖርት ኮሪደር፣ ሰፊ ባቡር ጣቢያ፣ አዲስ የተነጠፈ አደባባይ ይመቸዋል። ጥንታዊ ከተማ ግን የተሠራው ለእግረኛና ለአጋሰስ ነው። ቅያሱ ይጠብባል፣ ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው፣ ደረጃው አያልቅም።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ፍጥነቱን አትጠይቁ። ልብስና ጫማ ሞልታችሁበት ሦስት ፎቅ ደረጃ ይዛችሁት መውጣት ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። በጥንታዊ ከተሞች ውስጥ ያሉ ብዙ ትናንሽ ሆቴሎች ሊፍት የላቸውም። ቤቶቹ ራሳቸው ታሪካዊ ስለሆኑ ግድግዳ አፍርሶ ሊፍት ማስገባት ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። በመንዳት ያዳናችሁትን ጉልበት እዚያ ደረጃ ላይ ልትከፍሉት ትችላላችሁ።

ኮብልስቶን ላይ መንዳት ይቻላል?

ይነዳ ይሆናል፤ ግን አይመከርም። የሻንጣው ጎማዎች ትናንሽ ናቸው፣ አየርም የላቸውም። የብስክሌት ጎማ ክፍተቱን ዘሎ ያልፋል፣ የሻንጣ ጎማ ግን ውስጡ ይገባል። ፊት ለፊት ያለው ጎማ ከተያዘ የተቀመጠው ሰው ወደፊት ይወረወራል። እንደ ብስክሌት እግር ዘርግቶ ሚዛን ለመጠበቅም አይመችም፤ መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፣ እግሮቻችሁም ታጥፈዋል።

ድንጋይ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የሮም አሮጌ መንገዶች “ሳምፒየትሪኒ” በሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነጠፉ ናቸው። ድንጋዮቹ ትናንሽ ኩቦች ናቸው፣ በመካከላቸው ክፍተት አለ፣ ዕድሜ ሲጫናቸው ደግሞ አንዱ ሲሰምጥ ሌላው ብቅ ይላል። ትራስቴቬሬ ሰፈር ውስጥ ተራ ሻንጣ መጎተት ራሱ ክንድ ያዝላል። የክሮኤሺያዋ ጥንታዊ ከተማ የዱብሮቭኒክ ዋና መንገድ ስትራዱን በተቃራኒው ደልዳላ ነው። ግን የኖራ ድንጋዩ በዘመናት የሰው እግር ተወልውሎ መስታወት ሆኗል። ዝናብ ሲነካው በእግር እንኳ በጥንቃቄ ነው የሚኬደው። ከስትራዱን ወደ ጎን ስትታጠፉ ደግሞ ደረጃ ይቀበላችኋል።

የእኛ አገር ኮብልስቶንም ከሮም ይልቃል ብላችሁ አትጠብቁ። በየሰፈሩ የተነጠፈው ድንጋይ በእጅ የተጠረበ ነው፤ ከላይ ሙሉ በሙሉ ለጥ ያለ አይደለም። ጭቃና አቧራ ሲጠርግልን ውለታው ትልቅ ነው። ለዚህ ዓይነት ትንሽ ጎማ ግን አልታሰበም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልበል። መንቀጥቀጡ የሚጎዳው ጀርባችሁን ብቻ አይደለም። የባትሪው ማያያዣ ይላላል፣ የመሪው ብሎን ይፈታል። ኮብልስቶን ላይ መጎተት ግድ ከሆነባችሁ ባትሪውን አውጥታችሁ በትከሻ ቦርሳ ያዙት።

ደረጃ ላይስ?

በጭራሽ። ሞተር ያለው ሻንጣ ደረጃ አይወርድም። ደረጃ ለደረጃ እያንደረደሩ መጎተትም ድንጋዩንም ጎማውንም ይሰብራል። ሰኔ 2022 (እ.ኤ.አ.) ላይ ሮም ውስጥ ሁለት አሜሪካውያን ቱሪስቶች የኤሌክትሪክ ስኩተር በስፔን ደረጃዎች ላይ አወረዱ። አንደኛዋ ስኩተሩን ወደ ታች ስትወረውረው በካሜራ ተቀርጻለች። የጉዳቱ ግምት 25,000 ዩሮ ሆነ፣ እያንዳንዳቸውም 400 ዩሮ ተቀጡ። ያ ደረጃ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። የተሸረፈ ድንጋይ መልሶ አይበቅልም። ሻንጣችሁን አንሱት፣ ካልቻላችሁ ሰው አግዙኝ በሉ።

አውሮፕላን ላይ ይዤው መሳፈር እችላለሁ?

ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። የማይወጣ ከሆነ አትግዙት። ከጥር 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሜሪካን፣ ዴልታና አላስካን የመሳሰሉ አየር መንገዶች ባትሪያቸው የማይወጣ ሻንጣዎችን መከልከል ጀመሩ። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር አያታም በደንቡ አጽንቶታል። ምክንያቱ የሊቲየም ባትሪ እሳት ነው። እቃ ማስቀመጫው ውስጥ ከተነሳ ማንም ደርሶ አያጠፋውም። ሰው የተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን አስተናጋጆች ወዲያው ይደርሱበታል።

ስለዚህ ሻንጣውን ካርጎ ከሰጣችሁ ባትሪውን አውጥታችሁ ከራሳችሁ ጋር ወደ ላይ ይዛችሁ ትገባላችሁ። የባትሪውን የብረት ጫፎች በፕላስተር ሸፍኑ፣ ለብቻው ከረጢት ውስጥ አድርጉት። ቁልፍና ሳንቲም ካለበት ኪስ ጋር አይነካካ። ባትሪውን የማውጫ ዘዴውን ቤት ሆናችሁ ተለማመዱት። ካውንተር ፊት ሰልፍ አስቁሞ ብሎን መፈለግ ለማንም አይበጅም።

አንዳንድ አየር መንገዶች ደግሞ ሰው የሚቀመጥበትን ሻንጣ እንደ ሆቨርቦርድ (ቆመው እንደሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ ሰሌዳ) ቆጥረው ባትሪው ቢወጣም አይቀበሉም። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሻንጣውን ስምና ሞዴል ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ጉዟችሁ በሁለት አየር መንገድ ከሆነ ሁለቱንም ጠይቁ።

የባትሪውን ዋት ሰዓት እንዴት ነው የማውቀው?

ዋት ሰዓት ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው፤ ባትሪው ላይ ተጽፏል። ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ አባዙት። ለምሳሌ 36 ቮልትና 2 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 72 ዋት ሰዓት ነው። ሚሊ አምፒር ከሆነ የተጻፈው መጀመሪያ ለ1,000 አካፍሉ።

እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአብዛኛው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ከ160 በላይ ከሆነ መንገደኛ ይዞት አይገባም። ጽሑፉ የተፋቀ ወይም የሌለ ባትሪ ፍተሻ ላይ ሊወሰድባችሁ ይችላል። ገበያ ላይ ርካሽ ብላችሁ ስም የለሽ ባትሪ የምትገዙ ከሆነ ይህን አስቡበት።

የእጅ ሻንጣ ሆኖ ያልፍልኛል?

መጠኑ ሊያልፍ ይችላል፣ ችግሩ ክብደቱ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቀደው አንድ የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። ሞዶባግ ባዶውን 8 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ሌሎቹም ከዚያ ብዙም አይርቁም። እንግዲህ አንድ ሸሚዝ ሳይገባበት ሚዛኑን አልፏል ማለት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የምትነሱ ከሆነ ካርጎ እንደሚገባ አስባችሁ ተዘጋጁ። ጌጥ፣ መድኃኒትና ሰነድ አታስቀምጡበት።

የሚይዘውም ብዙ አይደለም። ሞተሩና ባትሪው ቦታ ይወስዳሉ። ለአጭር ጉዞ ይበቃል። ለዘመድ ቡና፣ በርበሬና ሽሮ ቋጥሮ ለሚሄድ ሰው ግን ይህ ሻንጣ አልተሠራለትም።

ኤርፖርት ውስጥ መንዳት ይፈቀዳል?

እንደ ኤርፖርቱ ነው። ዝም የሚሉ አሉ፣ የሚከለክሉም አሉ። ወደ ኪዮቶ የሚያስገባው የጃፓኑ ካንሳይ ኤርፖርት መንገደኞች ሻንጣ ላይ ተቀምጠው እንዳይነዱ ጠይቋል። ናጎያ አጠገብ ያለው ሴንትሬርም እንዲሁ። የጥበቃ ሠራተኛ ውረዱ ካለ ውረዱ። የሚፈቀድበት ቦታም ቢሆን በዝቅተኛው ፍጥነት ሂዱ። ሕፃን ልጅ ከየት ብቅ እንደሚል አይታወቅም።

ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ስሄድ ልያዘው?

ለተሳላሚ አይሆንም። ምክንያቱን በዝርዝር ልናገር፤ በዚህ ላይ የሚጠይቀን ሰው ብዙ ነው።

አሮጌው ከተማ በግንብ የታጠረ፣ ስፋቱም አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነው። በያፎ በር ስትገቡ መጀመሪያ ሜዳው ደልዳላ ስለሆነ ያታልላል። ጥቂት ስትራመዱ ወደ ገበያው የሚወርደው የዳዊት መንገድ ይጀምራል፤ እሱ ራሱ ደረጃ ነው። በደማስቆ በር በኩል ከመጣችሁ ገና በሩ ሳትደርሱ ደረጃ ትወርዳላችሁ። ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ወዳለው ገዳማችን ወደ ዴር ሡልጣን ለመድረስም ከኻን ኤዜት ገበያ ደረጃ መውጣት አለ። ወይም ደግሞ ከጎልጎታ ግቢ በቅዱስ ሚካኤልና በአርባዕቱ እንስሳ ቤተ ጸሎቶች ውስጥ በሚያልፈው ጠባብ ደረጃ ነው። ድንጋዩ በተሳላሚ እግር ለስልሷል። በቅዳም ሥዑር ዕለት ደግሞ ፖሊስ በሮችንና ቅያሶችን ይዘጋል፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። በዚያ ቀን ሻንጣ ቀርቶ ትልቅ ቦርሳ ይዞ መግባት ራስንም ሌላውንም ማስጨነቅ ነው።

ሌላው የሰንበት ጉዳይ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያርፉት ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ባለችበት የኢትዮጵያ መንገድ አካባቢ ነው። ከዚያ ጥቂት ወረድ ሲሉ ሜአ ሸዓሪም የተባለው የሃይማኖተኛ አይሁድ ሰፈር አለ። ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ በዚያ ሰፈር ሞተር ያለው ነገር መንዳት ሕዝቡን ያስቀይማል። እኛም በዓላችንን ሲያከብሩልን እንደምንወድ ሁሉ የእነሱን እናክብር። በዚያ ላይ እስራኤል ውስጥ የኤሌክትሪክ ስኩተርና ብስክሌት በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው። ለሻንጣ ይለየኛል ብላችሁ አትከራከሩ።

ቬኒስና ዱብሮቭኒክ ባለ ጎማ ሻንጣ ከልክለዋል የሚባለው እውነት ነው?

ወሬው ከእውነቱ ይሰፋል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ቬኒስ ጠንካራ ጎማ ያላቸውን ሻንጣዎች ልትቀጣ ነው ተባለ። ብዙ ሳይቆይ ከተማው እርምጃው የሚመለከተው ዕቃ የሚያመላልሱ ነጋዴዎችን እንጂ ቱሪስቶችን እንዳልሆነ አስረዳ። በ2023 ደግሞ ዱብሮቭኒክ ሻንጣ መጎተት ከለከለች የሚል ዜና ተሰራጨ። የከተማው ሰዎች ይህም ክልከላ ሳይሆን ሻንጣችሁን አንሱልን የሚል ልመና እንደሆነ ተናገሩ።

ሁለቱም ወሬዎች የተነሱት ግን ከእውነተኛ ምሬት ነው። በድንጋይ ግድግዳ መካከል፣ በሌሊት፣ የጎማ ኳኳታ ሕፃን ይቀሰቅሳል። እነዚህ ከተሞች ሙዚየም አይደሉም። ሰው ያድርባቸዋል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዱባቸዋል። እኔ በበኩሌ ሻንጣ ማንሳት ትንሽ ውለታ ነው እላለሁ።

ቬኒስ ላይ ለመንዳት ካሰባችሁ ግን እርሱት። መሐል ከተማው ውስጥ ብስክሌት መንዳት አይፈቀድም፤ በእጅ መግፋት እንኳ የተከለከለ ነው። ከ400 በላይ ድልድዮች አሉ፣ አብዛኞቹ ደረጃ አላቸው። ሻንጣውን ሳንታ ሉቺያ ባቡር ጣቢያ አደራ አስቀምጡ ወይም ተሸካሚ ያዙ።

ለንግድ ኢስታንቡል እመላለሳለሁ። ይሆነኛል?

ላለሊ ገበያ ለሚሄድ ነጋዴ አይመከርም። መጀመሪያ ነገር የሚይዘው ዕቃ ጥቂት ነው። ላለሊ ራሱ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት፣ የእግረኛ መንገዱ በካርቶንና በጆንያ የተያዘ ሰፈር ነው። ጭነት የሚገፉ ሐማሎች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። እነሱ ሸክም ላይ ናቸው፣ መንገድ መልቀቅ ያለበት ባዶ እጁን ያለው ነው። ካፓሊ ቻርሺ የተባለው ትልቁ ባለ ጣሪያ ገበያም በሮቹ ላይ ፍተሻ አለ።

የቲ1 ትራም ላለሊን፣ ሱልጣን አህመድንና ኤሚንኖኑን ያገናኛል። እሱ ይሻላችኋል። ቀለል ያለ ሻንጣ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ የሚሞላው ዕቃ ነው።

ሐረር ጀጎል፣ ጎንደር ወይም ላሊበላ ላይስ?

ሐረር ላይ አንድ የሚነዳበት ቦታ ቢኖር ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ያለው አስፋልት ነው። እሱም በባጃጅና በሰው የተጨናነቀ ነው። ባጃጅ ያዙና ፈረስ መጋላ ውረዱ። ከዚያ መኪና ግርግር የተባለውን ቅያስ ተከትላችሁ በእግር ግቡ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ማሽናቸውን ደጅ አውጥተው የሚሠሩበትን መንገድ ተቀምጦ ማለፍ ያስቆጫል። ጀጎል አምስት ታሪካዊ በሮች አሉት፣ ውስጡ ደግሞ በጣም ጠባብ ቅያሶች። አንዳንዱ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይተላለፍም። ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ ነው፤ ግን ከዚያ በፊት የሰው ደጅ ነው። ቅያሱ ላይ እናቶች ይቀመጣሉ፣ ልጆች ይጫወታሉ። አረንጓዴና ሮዝ የተቀባው ግድግዳ በሻንጣ ጠርዝ ሲፋቅ የሚቀባው የቤቱ ባለቤት ነው።

ላሊበላ ዳገት ነው፣ ሌላ ማለት አይቻልም። ትንሽ ሞተር አይገፋውም። በገና ሰሞን ደግሞ ነጭ የለበሰው ምዕመን መንገዱን ይሞላዋል። ከተነጠፈው መንገድ ወጣ ሲሉም አቧራው አለ፤ ሞተር ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል። ጎንደር ፋሲል ግቢ ዙሪያ አስፋልት ስላለ ትንሽ ይሻላል። ግቢው ውስጥ ግን ሣርና ያረጀ ድንጋይ ነው። በእግር ተዘዋወሩበት።

እናቴ ብዙ መራመድ አትችልም። ይህን ልግዛላት?

አይግዙላት። ይህ ሻንጣ የአካል ድጋፍ መሣሪያ አይደለም። መደገፊያ የለውም፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥና ፈጥኖ መነሳት ይጠይቃል፣ ሚዛን መጠበቅም ይፈልጋል። ጉልበቷን ለሚያማት እናት መውጣትና መውረዱ ራሱ ፈተና ነው። አንዴ ከወደቀች የዳሌ ስብራት ሊያመጣ ይችላል።

ለኤርፖርቱ ትኬት ሲቆርጡ ዊልቸር ይዘዙላት። በነፃ ነው። የሚገፋት ሠራተኛ ቋንቋ ባትችል እንኳ ከበር እስከ በር ያደርሳታል። ይህን ማዘዝ የሚያፍሩ ልጆች አሉ፣ “እናቴ እኮ ትራመዳለች” ብለው። ትራመድ ይሆናል፤ ግን በትልልቅ ኤርፖርቶች ከበር ወደ በር የሚሄደው መንገድ ለጤነኛም ረጅም ነው። ለጥንታዊው ከተማ ደግሞ ከበሩ ቅርብ የሆነ፣ ምድር ቤት ክፍል ያለው ማረፊያ ፈልጉ። ሁለት ደረጃ የቀነሰ ሆቴል ከማንኛውም ሞተር በላይ ይጠቅማታል።

ሆቴል ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ችግር አለው?

ከራሱ ቻርጀር ጋር ከሆነ፣ እናንተም ነቅታችሁ ካላችሁ ችግር የለውም። ብዙዎቹ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ጽሑፉን አይታችሁ አረጋግጡ። ለጣሊያንና ለእስራኤል የሶኬት መቀየሪያ ያዙ።

ተሰክቶ እንዲያድር አታድርጉ፣ በር ሥርም አታስቀምጡት። እሳት ከተነሳ የምትወጡት በዚያው በር ነው። በጥንታዊ ከተማ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና ቅያስ ውስጥ አይገባም። የሞሮኮዋን የፌዝን አሮጌ ከተማ (መዲናውን) አስቡ፤ ዕቃ የሚመላለሰው በበቅሎና በአህያ ነው፣ ነጂዎቹም “ባላክ!” እያሉ መንገድ ያስለቅቃሉ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ እሳት ማስነሳት ሰፈር ሙሉ ማቃጠል ነው። ያበጠ፣ የሚሸት ወይም ሳይነዳ የሚግል ባትሪ ካያችሁ ከዚያ በኋላ ቻርጅ አታድርጉት፣ ይዛችሁትም አትብረሩ።

ቤተ መቅደስ ወይም ሙዚየም ስገባ ውጭ ላቁመው?

አታቁሙት። ብቻውን የቆመ፣ ውስጡ ሽቦና ባትሪ ያለው ሻንጣ ለጥበቃ ሰው ምን እንደሚመስለው ገምቱ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ባለቤቱ ያልታወቀ ሻንጣ ከታየ ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ሊያፈነዳው ይችላል። የአውሮፓ ባቡር ጣቢያዎችም ባለቤት የሌለው ሻንጣ ሲያዩ ጣቢያውን ያስለቅቃሉ። አብዛኞቹ ሙዚየሞችና ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ሻንጣ ይዞ አያስገቡም። ሆቴላችሁ ከመግቢያ ሰዓት በፊትም ዕቃ አደራ ይቀበላል፤ መጀመሪያ እዚያ ሄዳችሁ አስቀምጡት።

መንገድ ላይ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል? ሻንጣ እኮ ነው!

ለእናንተ ሻንጣ ነው፤ ለፖሊስ ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ነው። በዚህ ረገድ ግልጽ አቋም የወሰደችው ጃፓን ናት። እዚያ እንደ ትንሽ ሞተር ሳይክል ይቆጠራል። መንጃ ፈቃድ፣ ሄልሜት፣ ታርጋና ኢንሹራንስ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኦሳካ ውስጥ አንዲት የውጭ አገር ዜጋ ያለ መንጃ ፈቃድ በእግረኛ መንገድ ላይ ስትነዳ ተይዛ ጉዳይዋ ለዐቃቤ ሕግ ተመርቷል። ኪዮቶ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ልብ በሉ።

አውሮፓም በየአገሩ ይለያያል። ጀርመን በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ደንብ ትናንሽ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ፈቃድ ያገኘ ሞዴልና የኢንሹራንስ ታርጋ ሊኖራቸው ይገባል። ስፔን ውስጥ ደግሞ መቀመጫ ያለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በግል ማጓጓዣነት የሚታወቀው ሚዛኑን ራሱ የሚጠብቅ ከሆነ ብቻ ነው፤ ሻንጣው ይህን አያሟላም። ስለዚህ በቶሌዶም ሆነ በኮርዶባ ቅያሶች መንዳት አይታሰብም። እንግሊዝ ውስጥ የእግረኛ መንገድ ላይ ሞተር ያለው ነገር መንዳት የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1835 ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ፕራግ ደግሞ በ2016 ቆመው የሚነዱትን ባለ ሁለት ጎማ ሴግዌይ ከታሪካዊው መሐል ከተማ አስወጥታለች። አላውቅም ነበር ማለት የትም አገር ከቅጣት አያድንም።

ፖሊስ ካስቆማችሁ ወዲያው ውረዱ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ከዚያ በኋላ ጎትታችሁ ወይም አንስታችሁ ሂዱ። ሲጎተት ግን ሻንጣ ነው ብላችሁ እንደገና አትቀመጡበት።

ሰው ብገጭ ወይም ቅርስ ብጎዳ ማን ይከፍላል?

እናንተ ናችሁ። ብዙ የጉዞ ኢንሹራንሶች ሞተር ያለው ነገር ስትነዱ የደረሰን አደጋ አይሸፍኑም። በተለይ በአገሩ ሕግ የማይፈቀድ ከሆነ የራሳችሁን የሕክምና ወጪ እንኳ ላለመክፈል ምክንያት ያገኛሉ። ውሉ ውስጥ የማይሸፈኑ ነገሮች የተዘረዘሩበትን ክፍል አንብቡ፤ ካልገባችሁ ደውላችሁ “ሻንጣ ላይ ተቀምጬ ብነዳ?” ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ።

አደጋ ከደረሰ አትሽሹ። የተጎዳውን ሰው መጀመሪያ እዩ፣ አምቡላንስ ጥሩ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ጠብቁ። የቦታውን ፎቶ አንሱ፣ የፖሊሱን ሪፖርት ቅጂ ያዙ። የማትረዱት ቋንቋ ላይ አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ጉዳዩ ከከበደ በዚያ አገር ያለውን ኤምባሲያችሁን ደውሉ። ስልክ ቁጥሩን ከመነሳታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙት።